«ቀስ ብላችሁ ልቀቋት» ይላል መመሪያው

እህቴ ከፓሪስ ስትመጣ ለልጄ ክንፏን እያርገበገበች የምትበር የፕላስቲክ ወፍ ይዛለት መጣች። ባትሪ የላትም፤ ሪሞትም የላትም። ሆዷ ውስጥ የተዘረጋ ላስቲክ አለ። እሱን አጠንጥናችሁ ትለቋታላችሁ፣ በቃ።

የልጅ ዕቃ ናት ብላችሁ አትናቋት። የበረራ ፈር ቀዳጁ አልፎንስ ፔኖ በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያው ፈረንሳይ የሠራት ወፍም የምትበረው በላስቲክ ነበር። ላስቲኩ ሲፈታ ትንሽዬ ክራንክ (የታጠፈ ማዞሪያ ዘንግ) ያዞራል፤ ክራንኩ ሁለቱን ክንፎች ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ዋናው ብልሃት ያለው ክንፉ ላይ ነው። ዘንግ ያለው ከፊት ጠርዙ ነው፤ የቀረው እንደ ፌስታል የሳሳ ፕላስቲክ ነው። ዘንጉ ሲወርድ ፕላስቲኩ ዘግየት ብሎ ይከተለዋል፤ ይታጠፍና አየሩን ወደ ኋላ ይገፋል። አጠንጥናችሁ በእጃችሁ እንደያዛችኋት ክንፏን ብትለቁላትና ፊታችሁን ከኋላዋ ብታስጠጉ ነፋሱ ሽው ሲል ይሰማችኋል። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ይህንን በጥቁር ሰሌዳ ለማስረዳት ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ!

መሪዋ ጅራቷ ናት። በጣም ቀና ካለ አፍንጫዋ ይሰቀልና ፍጥነት አጥታ ትወድቃለች። ዝቅ ካለ በአፍንጫዋ ትተከላለች። ትንሽ ወደ ጎን ካዘመማችሁት ክብ እየሠራች ትዞራለች። አንዴ ከእጅ ከወጣች ግን ወሬዋን ከመስማት ውጪ ምንም አታደርጉም። በኔዘርላንድስ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በ2018 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው ክንፉን እያርገበገበ የሚበር ሮቦት፣ ዴልፍላይ ኒምብል፣ ጅራት የለውም፤ 29 ግራም ይመዝናል፣ በሰከንድ 17 ጊዜ ያርገበግባል፣ ሚዛኑን የሚጠብቀውም የክንፎቹን እንቅስቃሴ በየቅጽበቱ እየቀያየረ ነው። ያለዚያ ይገለበጣል። የእኛዋ ይህን ሁሉ ጣጣ ለጅራቷ ትታለች።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መመሪያው «ቀስ ብላችሁ ልቀቋት» ይላል። በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ቀስ ብዬ ለቀቅኳት፤ ወለሉ ላይ ዘጭ። ደግሜ ለቀቅኳት፤ ዘጭ። ልጄ ትዕግሥቱ አለቀ፦ «አባዬ፣ ገፋ አድርጋት እንጂ!»

ልክ ነው። መመሪያውን የጻፈው ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም። እዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያንኑ ክብደት ለመሸከም ወፏ 12 በመቶ ገደማ ፈጥና መብረር አለባት። ላስቲኩም የሚታገለው አየር ስለሚቀንስ ቶሎ ይፈታል። ጅራቷን ሳንነካ በአግድም ጠንከር አድርገን ስንገፋት አዳራሹን ዞራ መድረኩ ላይ አረፈች። ሜዳ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ አትሞክሩ፤ ነፋሱ ይዟት ይሄዳል።

ደካማ ጎኗ ክንፉና ገላዋ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ግድግዳ ስትመታ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። በሱፐር ግሉና በክር አስሬዋለሁ፤ እስካሁን ይዟል። የተቀደደ ክንፍ በስኮች ይለጠፋል፤ በሁለቱም ክንፍ እኩል ለጥፉ፣ አለዚያ ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች። ላስቲኩን ግሊሰሪን ቀቡት፣ ቫዝሊን ግን አታስነኩት፤ ያበላሸዋል።

ከአሥር ሰባት ሰጥቻታለሁ። ሦስቱን የቀነስኩት ለመለዋወጫ ነው፤ እዚህ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ትርፍ ላስቲክና አንድ ጥንድ ክንፍ አብሮ እንዲያመጣ ንገሩት። ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ቶሎ ይበጠሳል።