የሚወልቅ ጥርስ ስትመርጡ፦ አክሪሊክ፣ ብረት፣ ናይለን ወይስ ተከላ?

እናቴ አዲሱን የላይ ጥርሷን ባደረገች በአራተኛው ቀን፣ ስታጥበው ከሳሙናማ እጇ ሾልኮ መታጠቢያው ላይ ወደቀ። መሃል ለመሃል ለሁለት ተከፈለ። «ገና ሳልለምደው!» ብላ ኩርምት አለች። ስብርባሪውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ወሰድነው፤ አክሪሊክ (ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት) ስለነበር በዚያው ቀን ተጠግኖ ማታውኑ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥርስ ምርጫ የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ ከመልኩ በፊት የማነሳው ይህን ነው፦ ሲሰበር፣ ሲላላ ወይም ድድ ሲያቆስል ምን ይደረጋል?

ጥርስ ጭራሽ ለሌለው

የተለመደው ሙሉ አክሪሊክ ነው። ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አገልግሎት ላይ ያለ ነገር ስለሆነ የማያውቀው ባለሙያ የለም፤ ይጠገናል፣ የወለቀ ጥርስ ይተከልበታል፣ ሲሰፋም ድድ የሚነካው ገጹ እንደ አዲስ ይሞላል። ችግሩ ላይና ታች እኩል አለመሆናቸው ነው። የላይኛው ላንቃን ሸፍኖ በምራቅ ተስቦ ይጣበቃል። የታችኛው ግን የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጠባብ ነገር ነው፤ ምላስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያነሳዋል። ጥርስ ሲጠፋ የመንጋጋ አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል፤ የታችኛው ደግሞ ከላይኛው በብዙ እጥፍ ይብሳል። «የላዩ ተስማማኝ፣ የታቹ አስለቀሰኝ» የሚል ሰው ብትሰሙ ጥፋቱ የግድ የሠሪው አይደለም።

በተከላ (ኢምፕላንት፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚገባ ብሎን መሰል ነገር) ላይ የሚቆመው ለዚሁ መልስ ነው። በታችኛው መንጋጋ ሁለት ተከላ ገብቶ ጥርሱ እንደ ልብስ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ይያዝበታል፤ ለጽዳት ግን ያው ይወልቃል። በ2002 እ.ኤ.አ. በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥርስ ለሌለው የታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ይሁን ብለው ተስማምተዋል። ቀዶ ሕክምና አለው፣ ወራት ያስጠብቃል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ጠቅ የሚሉት ክፍሎች እያደር ስለሚላሉ መቀየራቸው አይቀርም። ገንዘቡ ለአንዱ መንጋጋ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ ሳላመነታ ለታችኛው ነው የምለው።

የተወሰኑ ጥርሶች ለቀሩት

እዚህ ላይ ሦስቱ ይፎካከራሉ። አክሪሊኩ ርካሽና በቀላሉ የሚጠገን ነው፤ ግን ጥንካሬ እንዲኖረው ወፈር ይላል፣ አፍ ውስጥም ይሰማል። የኮባልት ክሮም ብረቱ በጣም ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ጫናውን በቀሩት ጥርሶች ላይ ስለሚያሳርፍ ድድ ያርፋል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለሚያስተላልፍም የምግብ ጣዕም እምብዛም አይጠፋም። የሚጠላበት ፈገግ ሲሉ ብልጭ የሚለው መያዣው ነው።

ናይለኑ በመልክ ያሸንፋል። ብረት የለበትም፤ መያዣውም የድድ ቀለም አለው። እንደ ልብ ስለሚተጣጠፍ ቢወድቅ ቶሎ አይሰበርም። ሰው ዓይቶ የሚወደውም እሱን ነው። ሆኖም አክሪሊክ ከናይለን ጋር ስለማይዋሃድ መጠገኑም ሆነ መሙላቱ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲላላ መፍትሔው አዲስ ማሠራት ይሆናል። ጫናው ድድ ላይ ማረፉንም አትርሱ። ለፊት ጥርስ፣ ለአንድ ሁለት ክፍተት ይሁን እላለሁ። የመንጋጋ ጥርሶች በሙሉ ለጎደሉት ሰው ግን ብረቱ ይሻላል።

ወዲያው ወይስ ቆይቶ?

ጥርስ በተነቀለበት ዕለት የሚደረግ አለ፤ ድድ እስኪድን ወራት ጠብቆ የሚሠራም አለ። የመጀመሪያው ባዶ አፍ ይዞ ከመሄድ ያድናል፤ ነገር ግን ድዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት በፍጥነት ስለሚሸሽ መላላቱ አይቀርም። የሚሞላበት ወጪ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መልመዱ

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቸግራሉ። አፍ ባዕድ ነገር ስለሚመስለው ምራቅ ያዥጎደጉዳል፤ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። «ሰ» እና «ሸ» ይምታታሉ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ምላስን ያለማምደዋል። ለስላሳ ምግብ በትንንሹ ቆርጦ በሁለቱም በኩል እኩል ማኘክ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከታኘከ ጥርሱ በሌላው በኩል ይነሳል። የሙሉ ጥርስ የማኘክ ጉልበት ከተፈጥሮው ጥርስ ሩቡን እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ እንደ ድሮው እቆረጥማለሁ ብሎ መጠበቅ ለቅሬታ ይዳርጋል።

ቁስል ከወጣ ጥርሱን ራሳችሁ በቢላ ወይም በሞረድ አትነካኩት። ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ ግን ጥርሱን አፋችሁ ውስጥ አድርጉት፤ ሐኪሙ የሚሞርደው ቀይ ምልክቱን አይቶ ነው።

ማጽጃና ማጣበቂያ

የጥርስ ሳሙና ለተፈጥሮ ጥርስ እንጂ ለአክሪሊክ አይሆንም፤ ይፍቀዋል፣ በጭረቱ ውስጥም ቆሻሻና ፈንገስ ይደበቃል። ለስላሳ ብሩሽና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከብዙ ውድ ዕቃ ይሻላል። አረፋ የሚያወጣው ክኒን ጥሩ ነው፤ ብሩሽን ግን አይተካም፣ ከተዘፈዘፈበት ወጥቶም በደንብ ሳይታጠብ አፍ አይገባም። በረኪና ብረቱን ያበላሻል። የፈላ ውሃ ደግሞ አክሪሊኩን ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ ልክ የለውም። ማታ ማታ አውልቆ ውሃ ውስጥ ማሳደር ድድን ያሳርፋል፤ ሳያወልቁ የሚያድሩ ሰዎች ላንቃቸው በፈንገስ የሚቀላው በዚህ ነው።

ማጣበቂያ ክሬም በጥቂቱ፣ በሦስት አራት ነጥብ፣ በደረቀ ጥርስ ላይ ይበቃል። ስትገዙ ዚንክ የሌለበትን ምረጡ፤ ዚንክ ያለበትን ለረጅም ጊዜ አብዝተው የተጠቀሙ ሰዎች መዳብ አንሷቸው ነርቫቸው ተጎድቷል። ከሳምንት ሳምንት እየጨመራችሁ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ ክሬም ሳይሆን ማስሞላት ነው።

እናቴ አሁን ጥርሷን የምታጥበው መታጠቢያውን ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አምልጧታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቦጭ ብሎ ውሃው ውስጥ ቀረ።