ዊንዶውስ ዲፌንደር ለድሬ ሰው ይበቃል?

ይበቃል፤ ግን ዝም ብለው ከተዉት አይደለም። ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር በነጻ የሚመጣው ይህ አንቲቫይረስ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈርም ሆነ ታይዋን ገበያ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ይዞት የሚገባውን ሾርትከት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ቫይረሱ እንደ ደንቡ ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቅና በስሙ ሾርትከት፣ ማለትም ሲከፈት ቫይረሱን የሚያስነሳ አቋራጭ፣ ያስቀምጣል። ስለዚህ ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ሾርትከቱን ሳይከፍቱ ፍላሹ ላይ በቀኝ ክሊክ ስካን ያድርጉ፤ ከዚያ ፎልደር ኦፕሽን ገብተው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክትም ያንሱ። ሰነዶቹ ብዙ ጊዜ ስም አልባ ፎልደር ውስጥ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ራሱ ከተያዘ ግን ፍላሽ ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው፤ እንደተሰካ መልሶ ይበከላል። የዲፌንደር ምርጥ ጎን እዚህ ላይ ነው፦ ኦፍላይን ስካን። ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ቫይረሱ መደበቂያ ያጣል። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ስለሚያደርግ አስቀድመው ሥራዎን ሴቭ ያድርጉ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ አይሞክሩት።

ድክመትም አለው። ዳታ ለመቆጠብ አፕዴቱን የዘጋ ሰው አዳዲሶቹን ቫይረሶች በአሮጌ መረጃ ነው የሚጠብቃቸው። «መጀመሪያ ዲፌንደርን አጥፋ» የሚል ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ) ሶፍትዌር ከጫኑማ ምን ጥበቃ ቀረ! የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ጥገናም በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስለቆመ፣ ዲፌንደሩ ቢሠራም የሲስተሙን ቀዳዳ አይደፍንም። ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ የቆለፈውን ፋይልም አይፈታም፤ ለዚያ መድኃኒቱ ተነቅሎ የተቀመጠ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ቅጂ ነው።