አትኪንሰን ወይስ ቮልቮ? የ1970ዎቹ የብሪታንያ ሾፌሮች ክርክር

ከነጭነቱ እስከ 32 ቶን ለሚመዝን የጭነት መኪና ሾፌሩ የትኛው ቢሰጠው ይሻለው ነበር፦ የብሪታንያው አትኪንሰን ቦርደረር ወይስ ከስዊድን የመጣው ቮልቮ ኤፍ88?

ጉልበት፦ የአትኪንሰን የተለመደው ሞተር፣ ጋርድነር፣ 180 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በሰሜን እንግሊዝ ያለውን የሻፕን ዳገት በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ቮልቮ ባለ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ስለሆነ ከ200 በላይ አለው።

ወጪ፦ ጋርድነር ናፍጣ ቆጣቢ ነው፤ ዕድሜውም ረጅም። ባለንብረቶች የወደዱት ለዚህ ነው። ችግሩ ወረፋው ነበር፤ ሞተሩን ለማግኘት ብዙ ይጠበቅ ስለነበር አንዳንዱ ደንበኛ ወደ ቮልቮ ዞረ።

ጋቢና፦ ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። የአትኪንሰን ጋቢና ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ጫጫታ የበዛበት፣ አልጋ የሌለው ነበር። መሽቶበት ከዴፖው የራቀ ሾፌር የሚከራይ አልጋ ይፈልጋል፤ ካጣም ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ያድራል። ቮልቮ ደህና ማሞቂያና ምቹ ወንበር ነበረው፤ መኝታ ያለው ጋቢናም ይገኝ ነበር፤ ሞተሩን ለመጠገን ጋቢናው ወደፊት ይገለበጣል። አትኪንሰን ለሞተሩ ያን ያህል ተጠንቅቆ ሾፌሩን መርሳቱ በደል ነበር።

ጠዋት ወጥቶ ማታ ዴፖው ለሚመለስ፣ ናፍጣ ለሚቆጥር ድርጅት፣ አትኪንሰን። ከእንግሊዝ ወደብ ከዶቨር ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ እስከ ቴህራን ለሚነዳ ግን ቮልቮ።