ካናዳ ወይስ ኤምሬትስ? ከደመወዙ ባሻገር ያለው ኑሮ

ካናዳንና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን የሚያማርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሒሳቡን የሚጀምረው ከደመወዝ ነው። በዚህ ኤምሬትስ በግልጽ ትቀድማለች። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው የተጨማሪ እሴት ታክስም 5 በመቶ ብቻ ነው። በካናዳ ግን ፌዴራል መንግሥቱም ክፍለ ግዛቱም ግብር ይወስዳሉ፤ የጡረታና የሥራ አጥነት መድን መዋጮ ይታከልበታል። የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ብቻ ያየ ሰው ዱባይን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሌላ ነገር ቢጠየቅ እመርጣለሁ፤ ሥራው ነገ ቢቋረጥ በአገሩ የመቆየት መብት በማን እጅ ነው?

በኤምሬትስ የአብዛኛው የውጭ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከቀጣሪው ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ሲያበቃ የተወሰነ የእፎይታ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚያ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ወይም ሌላ ዓይነት ፈቃድ ካላገኘ ከአገሩ መውጣት አለበት። ከውጭ ዜጎች የተወለደ ልጅ አቡዳቢ ውስጥ ቢያድግ እንኳ እዚያ በመወለዱ ብቻ ዜጋ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው የ10 ዓመት «ወርቃማ ቪዛ» ይህን እስራት ይፈታል፤ ሆኖም በዋናነት ለባለሀብቶችና ለከፍተኛ ባለሙያዎች የታሰበ ነው።

በካናዳ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ሥራውን ስላጣ ብቻ ከአገሩ አይባረርም። ለዜግነት ከማመልከቱ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ 1,095 ቀናት በአገሩ ከኖረና ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ ዜጋ መሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ዋስትና የቋሚ ነዋሪው ነው። ለአንድ ቀጣሪ ብቻ በተሰጠ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ የሚገባ ሰው ካናዳም ውስጥ ከቀጣሪው ጋር የታሰረ ነው። ደላላ «ካናዳ ሥራ ተገኝቷል» ሲል በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የፈቃዱ ዓይነት ነው፤ የደመወዙ መጠን ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ልጆች ሲኖሩ ሚዛኑ ጨርሶ ይለወጣል። በኤምሬትስ የውጭ ዜጎች ልጆች በአብዛኛው የሚማሩት በግል ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያው በየዓመቱ በየልጁ ስለሚቆጠር ሁለትና ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ከግብር ያተረፈውን እዚያ ሊጨርሰው ይችላል። በካናዳ የመንግሥት ትምህርት እስከ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ያለ ክፍያ ነው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የልጆች ድጎማ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ግብር ሳይነካው በየወሩ ለቤተሰቡ ይደርሳል፤ ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ የበለጠ ያገኛል።

ሕክምና ላይ ካናዳን አላወድስም። የሐኪምና የሆስፒታል ወጪን መንግሥት ይሸፍናል፤ ነገር ግን ቋሚ የቤተሰብ ሐኪም ማግኘት ለብዙዎች ከባድ ነው፤ ስፔሻሊስት ለማየትም ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። በኤምሬትስ ጥሩ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ቶሎ ይታከማል። ያ ኢንሹራንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀጣሪው የተገዛ በመሆኑ ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል።

የቤት ኪራይ በሁለቱም ያስጨንቃል፤ ቶሮንቶና ቫንኩቨርም ዱባይም ውድ ናቸው። የአየር ጠባዩን የሚያውቀው ሰውነት ነው፤ የካናዳዋ ዊኒፔግ ክረምት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ የዱባይ በጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በኤምሬትስ ከሰኔ ሁለተኛ ሳምንት እስከ መስከረም መጀመሪያ ግድም በቀትር ፀሐይ ደጅ ማሠራት በሕግ የተከለከለውም ለዚህ ነው።

በሰው ቤት ለመሥራት ወደ ኤምሬትስ የምትሄድ እህት ማወቅ ያለባት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንና በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል፤ ፓስፖርቷም በራሷ እጅ መቆየት አለበት። በተዘጋ በር ውስጥ ሕጉ መከበሩን ማን እንደሚያይ ግን ያሳስበኛል፤ ስለዚህ ከመሄዷ በፊት መብቷን በሚገባ ትወቅ፣ የውሏንም ቅጂ ቤተሰቧ ጋር ትተው።

ብቻውን ለሚኖር፣ ቀጣሪው ቤት ለሚሰጠው፣ በጥቂት ዓመታት የተወሰነ ገንዘብ ማጠራቀም ለሚፈልግ ሰው ኤምሬትስን እመክራለሁ። ልጅ ለሚያሳድግ ሰው፣ ቋሚ ነዋሪነት ማግኘት ከቻለ፣ ያለ ማመንታት ካናዳን። ኤምሬትስን የሚመርጥ ሰው ውሉ ላይ መሠረታዊ ደመወዙን ከአበሉ ለይቶ ይመልከት፤ ሲሰናበት የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለትም ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ደመወዝ፣ የሚሰላው በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው። አበሉ በዝቶ መሠረታዊው ያነሰ ውል ከቀረበለት ከመፈረሙ በፊት ይደራደር።