ለድሬ አቧራ የትኛው ፊልትሮ ይሻላል? ወረቀት፣ ዘይት የተቀባ ጥጥ ወይስ ደረቅ ታጣቢ

ድሬዳዋ ላይ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው የናፍጣ መኪና የሚያሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። የወረቀቱን የአየር ፊልትሮ እየቀየርኩ ልቀጥል ወይስ ታጥቦ የሚመለሰውን ልግዛ? ሻጩ «አቦ፣ ይሄኛው እድሜ ልክ ነው፤ ጉልበት ይጨምራል፣ ናፍጣም ይቆጥባል» ይላል። ዋጋው ግን የወረቀቱን ብዙ እጥፍ ነው።

የእኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። ከአስፋልት የሚወርድ መኪና ካላችሁ ዘይት የተቀባውን ጥጥ አልመክርም። ፒክአፕ ላለውና በእጁ ለሚያጥብ ሰው ጥሩ ደረቅ ታጣቢ ያዋጣዋል። ለሲኖትራክና ለመሳሰሉት ከባድ መኪኖች ደግሞ ከጥሩ ወረቀት ውጭ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የአየሩን ብዛት እንይ። ባለ 3 ሊትር ሃይሉክስ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ሲዞር፣ ተርቦው ገና ሳይገፋ እንኳ ወደ 3,000 ሊትር አየር ይስባል። ተርቦው አንድ ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲጨምርበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። 9.7 ሊትር የሆነው የሲኖ ሞተር በተመሳሳይ ዙር ከተርቦው ጋር ወደ 20 ሺህ ሊትር ይደርሳል። በየደቂቃው ማለት ነው። በፊልትሮው ሾልኮ ያለፈ አቧራ መጀመሪያ የሚመታው የተርቦውን ቅጠሎች ነው። የፒክአፕ ተርቦ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ስለሚሽከረከር ደቃቅ አሸዋ ጠርዙን ይበላዋል። የተረፈው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከዘይት ጋር ይቀላቀልና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይሞርዳል። ከዚያ በኋላ መኪናው ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ሞተር አውርዶ ማደስ ይመጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል አየር ያሳልፋል» ሳይሆን «ምን ያህል አቧራ ይይዛል» መሆን አለበት። የአየር ፊልትሮ የሚፈተንበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ ኤስ ኦ 5011 ይባላል። ጥሩ ወረቀት በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። ዘይት የተቀባ ጥጥ ከ96 እስከ 98 አካባቢ ነው። ቁጥሩ የተቀራረበ ይመስላል። ግን ያመለጠውን አስሉት። 100 ግራም አቧራ ሲመጣ 99.5 የሚይዘው ግማሽ ግራም ያሳልፋል፣ 98 የሚይዘው 2 ግራም። አራት እጥፍ ነው! አዲስ አበባ ውስጥ አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና ይህ ላይጎዳው ይችላል። ከደረቅ ወንዝ ዳር አሸዋ ለሚጭን፣ ወይም ከሽንሌ ወደ ገጠር ለሚገባ መኪና ግን ልዩነቱ የሞተር እድሜ ነው።

ዘይት የተቀባው ጥጥ

በዚህ ዓይነት ስሙ የገነነው ኬ ኤንድ ኤን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት። አሠራሩ ቀላል ነው። ድርብርብ የጥጥ ጨርቅ በሽቦ መረብ መሀል ይታጠፍና ልዩ ዘይት ይቀባል። አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። አየር በደንብ ያሳልፋል፣ ጨርቁም ጠንካራ ነው።

ችግሩ ያለው አስተጣጠቡ ላይ ነው። በራሱ ማጠቢያ ይታጠባል፣ በቀስታ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፣ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ከዚያ ቀዩ ዘይት በየእጥፋቱ በስሱ ይንጠባጠብበታል። 20 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ብርሃን ላይ ስታዩት ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አልተዳረሰም ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ትጨምራላችሁ። ነጭ በቀረበት ቦታ አቧራ እንዳሻው ያልፋል። ዘይቱ ከበዛ ደግሞ በአየር ተገፍቶ እንደ ሃይሉክስ ባሉ መኪኖች ላይ ያለውን የአየር መለኪያ ሴንሰር ይሸፍነዋል። ሴንሰሩ ሲሳሳት መኪናው ጉልበት ያጣል፣ መብራት ያበራል። ሜካኒካል ፓምፕ ያለው የድሮ መኪና ይህ ሴንሰር ስለሌለው ቢያንስ ከዚህ ጣጣ ይድናል።

ልዩ ዘይቱ ሲጠፋ የሞተር ዘይት የሚቀባ፣ ፊልትሮውን በናፍጣ የሚያጥብ ጋራዥ አለ። እባካችሁ እንዳታስደርጉት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማጠቢያውና ዘይቱ ለብቻው እዚሁ ከተማ እንደሚገኝ አረጋግጡ። ካልተገኘ «እድሜ ልክ» የሚባለው የመጀመሪያዋ እጥበት ላይ ያበቃል።

ይህ ፊልትሮ የሚስማማው ለማን ነው? ከአወዳይ ጫት ጭኖ አስፋልት ለአስፋልት ለሚበር አይሱዙ፣ ወይም ከደወሌ መስመር ለማይወጣ ሰው፣ ያውም አጣቢው ጥንቁቅ ከሆነ።

ደረቅ ታጣቢው

ይህኛው ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሠራል፣ ዘይት አይቀባም። ስለዚህ የሴንሰሩ ስጋት የለም፣ የዘይት ፍለጋም የለም። ጥሩ የሚባሉት በማጣራት አቅማቸው ወደ ወረቀቱ ይጠጋሉ። ለፒክአፕ የምመርጠው እሱን ነው። ምክንያቴም አስተጣጠቡ ስህተትን የሚችል መሆኑ ነው። አቧራውን ታራግፋላችሁ፣ አምራቹ በሚለው ማጠቢያ ታጥባላችሁ፣ ታደርቃላችሁ፣ ትገጥማላችሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሃው እጥፋቱ ውስጥ ተጠራቅሞ እንዳይደርቅ በደንብ አንጠፍጥፉት። ሙቀታችን ለማድረቅ ያግዛል፣ ግን ግቢ ላይ ነፋስ ላይ ካሰጣችሁት የታጠበው መልሶ አቧራ ይለብሳል። ቤት ውስጥ ይድረቅ። መኪናው በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ሁለት ግዙ። አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሠራል። እርጥቡን ተቻኩሎ መግጠም ለተርቦም ለፊልትሮውም ጥሩ አይደለም።

ከስፖንጅ የሚሠራ ፊልትሮም አለ፤ የእሱ ነገር አጭር ነው። ለሞተር ሳይክል ይሁን። ሲያረጅ ስለሚፈረፈር ተርቦ ያለው መኪና ላይ አልገጥመውም።

ወረቀቱ

ወረቀት ርካሽ ስለሆነ ይናቃል። ግን በማጣራት አንደኛ ነው። በከባድ መኪና ላይ ደግሞ ሁለት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ትልቁ ውጭ፣ ትንሹ ውስጥ። ውስጠኛው ትልቁ ቢቀደድ ሞተሩን የሚያድን ነው። አይታጠብም፣ አይነፋም፤ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። ብዙ ሲኖ ላይ ውስጠኛው ወጥቶ ተጥሎ ታገኙታላችሁ፣ «አየር ያፍናል» ተብሎ። በጣም ያሳዝነኛል።

ወረቀትን የሚገድለው ጎሚስታው ጋ የሚደረገው ነገር ነው። የከባድ መኪና ጎማ ወደ 8 ባር ይነፋል። በዚያው ኮምፕረሰር፣ በዚያው ቱቦ ፊልትሮው ይነፋል። ወረቀት የሚችለው ግን ወደ 2 ባር ነው፣ ያውም ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ራቅ ተብሎ። ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይከፈታል። ማታ ጨለማ ውስጥ የእጅ ባትሪ ወደ ውስጡ አስገብታችሁ ዙሪያውን እዩት። ብርሃን ነጥብ ሆኖ ከወጣ ጣሉት።

በየቀኑ ከፍቶ ማራገፍም ጥቅም የለውም። ፊልትሮ ትንሽ አቧራ ሲይዝ ማጣራቱ ይሻሻላል፤ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ የተራገፈው ወደ ንጹሑ ቱቦ ይወድቃል። የፊልትሮው ቤት ላይ የመታፈን ምልክት ካለ እሱ ቀይ እስኪሆን ጠብቁ። ምልክት የሌለው መኪና ደንገጎን ሲወጣ ይናገራል። የለመደውን ዳገት በጥቁር ጭስ ከወጣና ከከበደው ናፍጣ ከሚረጨው ኖዝል በፊት ፊልትሮውን እዩ።

ስለ ጉልበቱ ወሬ አጭር ነገር ልበል። ሞተሩ ካልተነካካ በንጹሕ ወረቀትና በንጹሕ ጥጥ መሀል ሹፌር የሚያውቀው ልዩነት አይኖርም። ልዩነት የተሰማው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የታፈነ ወረቀት አውጥቶ ነው አዲሱን የገጠመው። ክፍት ሆኖ ኮፈኑ ሥር የሚገጠመው ሾጣጣ ፊልትሮ ደግሞ ከሞተሩ ጎን የጋለውን አየር ይስባል። በእኛ ሙቀት ላይ ይህን መጨመር ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ለመግዛት ስትወጡ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ቁመቱን፣ ስፋቱንና የዳሩን ጎማ ጎን ለጎን አመሳስሉ። ጎማው ሲጫኑት ለስልሶ የማይመለስ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ፎርጅድ የበዛው በዚህ በኩል ነው። ከገጠማችሁ በኋላ ትንሽ ሠርታችሁ ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ፍቱና ውስጡን በጣታችሁ ጥረጉት። ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ዕቃ ገዝታችኋል። ዱቄት መሰል ነገር ከያዘ ማሰሪያውን አጥብቁ፣ የዳሩን ጎማ እዩ። እንደገና ካመጣ ፊልትሮውን መልሱት።