ሄሊዮስ 44-2 በዲጂታል ካሜራ፦ ፎከሱን በምን እንመነው?

ሄሊዮስ 44-2 በሶቪየት ኅብረት ዘመን ከዜኒት ካሜራዎች ጋር በብዛት ይሸጥ የነበረ፣ ከጀርመኑ ቢዮታር ንድፍ የተወሰደ፣ የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊ ሜትር የሆነና ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2 የሚከፈት (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ሌንስ ነው። ከሰው ጀርባ ያለውን ቅጠል አዙሮ ስለሚያደበዝዝበት መልክ ብዙ ተብሏልና እዚህ አልደግመውም። በሌንሱ ጥራት ቅሬታ የለኝም፤ ተጠቃሚውን የሚያስመርረው በእጅ ቀለበት እየዞረ የሚስተካከለው ፎከሱ ነው፤ እርሱም ቢሆን ካሜራው በመመልከቻው የሚያሳየው ነገር ከእውነቱ ስለሚለይ የሚመጣ ችግር ነው።

ሌንሱ ኤም 42 በሚባለው የሚጠመዘዝ አያያዝ ስለተሠራ አዳፕተር፣ ማለትም ከካሜራው ጋር የሚያገናኝ ቀለበት፣ ያስፈልገዋል። ለካነን ዲኤስኤልአር (በውስጡ መስታወት ላለው ካሜራ) የሚሆነው ስስ የብረት ቀለበት ብቻ ነው፤ ኤም 42 ሌንሱን ከፊልሙ በ45.46 ሚሊ ሜትር ሲያርቀው ኢኤፍ የሚባለው የካነን አያያዝ በ44 ስለሚያርቀው፣ ልዩነቱን ቀለበቱ ይሞላዋል። የኒኮን ዲኤስኤልአር ግን 46.5 በመሆኑ፣ በመካከል ማስተካከያ መስታወት ካልገባ ሩቁን ማጥራት አይቻልም፤ መስታወቱም ጥራቱን ይቀንሳል። ኒኮን ዲኤስኤልአር ላለው ሰው ሌንሱን አልመክርም። በሶኒ ሚረርለስ (ያን መስታወት በሌለው ካሜራ) ላይ ያለ ችግር ይገጠማል፤ ያለ ሌንስ ማንሣትን የሚፈቅደውን ምርጫ አስቀድሞ መክፈት ግን ግድ ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው። የዛሬ ዲኤስኤልአር መመልከቻዎች ብሩህ ሆነው እንዲታዩ ስለተሠሩ፣ ሌንሱ በኤፍ 2 ተከፍቶ እያለ እንኳ ለዓይን የሚያሳዩት ጥርት ከኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ ከጠበበ ቀዳዳ ጋር የሚመሳሰል ነው። ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው ትንሽ የካነን ሴንሰር (ምስሉን በሚቀበለው ክፍል) ላይ ከ1 ሜትር ርቀት በኤፍ 2 ሲነሣ የሚጠራው ጥልቀት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በመመልከቻው የጠራ የመሰለው ዓይን በኮምፒውተር ላይ ደብዝዞ ይገኛል። ፎከሱ ሲጠራ ድምፅ የሚያሰማ ቺፕ ያለበት አዳፕተርም ከዚህ አያድንም፤ ቀለበቱ ጥቂት ሲዞርም ሳይዞርም ያው «ጠርቷል» ይላል። ገንዘብ የሚጨመርበት አይደለም።

አስተማማኙ መንገድ ምስሉን በካሜራው ስክሪን የሚያሳየውን ላይቭ ቪው ከፍቶ፣ ምስሉን 5 ከዚያም 10 ጊዜ አጉልቶ፣ ሽፋሽፍቱ እስኪለይ ድረስ ቀለበቱን በቀስታ ማዞር ነው። ለዚህ ሥራ የሌንሱ ሁለተኛ የቀዳዳ ቀለበት ትልቅ ጸጋ ነው፦ የሚፈለገውን ቁጥር አስቀድሞ ወስኖ፣ በሙሉ ክፍት ፎከስ አድርጎ፣ ዓይንን ሳያነሡ ወደ ኤፍ 4 መዝጋት ይቻላል። ችግሩ የጣና ዳር የቀትር ፀሐይ ነው፤ ስክሪኑ ምንም ስለማያሳይ ጋቢ መከናነብ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒክ መመልከቻ ያለው ሚረርለስ ከዚህ መላ ያድናል።

የጠራውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየው ፎከስ ፒኪንግ ለመጀመሪያ ፍለጋ ጥሩ ሲሆን ለመጨረሻ ፍርድ ግን አይበቃም። ነጠላ የተከናነበች ሴት ሳነሣ፣ የጥለቱ ክር ከነጩ ጨርቅ ጋር ባለው የቀለም ልዩነት የተነሣ ቀዩ ምልክት ጥለቱን ሁሉ አጥለቀለቀው፤ አጉልቼ ስመለከት የጠራው ጆሮዋ አጠገብ ያለው የጥለቱ ጠርዝ እንጂ ዓይኗ አልነበረም። በዘጌ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ ደብዛዛ ቤተ ክርስቲያናት ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ይገለበጣል፤ ብርሃን ሲያንስ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል፣ የጎላው ምስልም ይሻክራል። እዚያ በሥዕሉ ላይ ጥቁር መስመርና ደማቅ ቀለም የሚገናኙበትን ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ለሚሮጥ ነገር ማጉላት አይሆንም። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ፣ ሌንሱን በኤፍ 8 ዘግቶና ቀለበቱን በ10 ሜትር ላይ አቁሞ መጠበቅ ከ7 እስከ 18 ሜትር አካባቢ ያለውን በበቂ ያጠራል። በሌንሱ ላይ የተቀረጸው የጥልቀት መለኪያ ግን የተሰላው ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለሆነ፣ በትንሽ ሴንሰር ላይ እንዳለ መውሰድ አያዋጣም፤ የተሻለ የሚሆነው በኤፍ 11 እያነሡ የኤፍ 8ን ምልክት ማንበብ ነው።

ከጣና ማዶ ያለውን ዳርቻ ለማንሣት ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ማዞርም ያሳስታል፤ አንዳንድ አዳፕተሮች ከልካቸው ትንሽ ስለሚሳሱ ፎከሱ ከሩቁ አልፎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ይህንንም አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል። ሲገዛ ደግሞ የቀለበቱ አዟዟር ይፈተሽ። ቅባቱ የደረቀ ሌንስ በደብረ ማርቆስ የጥዋት ብርድ ይከብድና፣ ጥቂት ብቻ ማስተካከል ሲፈለግ ዘሎ ያልፋል፤ እንዲህ ያለው ቅባቱ ሳይቀየር በርካሽ ቢሸጥም ባይገዙት ይሻላል።