የዞሊንገን አሮጌ ምላጭ፣ ባሊስቶል እና አውቶዞል፦ ዝገቱ የት ጋ እንዳለ ሳታዩ አትግዙ

ጺማችን ጥቅል የሆነ ሰዎች የምናውቀው ጣጣ አለ። ብዙ ምላጭ የተደረደረበት ዘመናዊው መላጫ ፀጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፤ ፀጉሩ ሲያድግ ተጠቅልሎ መልሶ ቆዳውን ይወጋና አንገት ላይ እብጠት ያወጣል። እኔ ወደ ታጣፊው ምላጭ፣ ፀጉር አስተካካዮች ድሮ ከእጀታው ዘርግተው ወደሚላጩበት፣ የዞርኩት በዚህ ምክንያት ነው። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። የምኖረው ግን ኮሎኝ ነው፤ በምላጭና በቢላዋ ስሟ የገነነው ዞሊንገን ከዚህ ቅርብ ናት። ስለዚህ በአካባቢው ፍሎማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ ከአያት መሳቢያ የወጣ ምላጭ አይጠፋም። የኔን በ15 ዩሮ ገዛሁት። እዚህ የምጽፈው ስለ ምላጩና ዝገቱን ስላስለቀቁልኝ ሁለት ዕቃዎች ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ምላጮች ከሹካና ማንኪያ ጋር ተደባልቀው ነበር። ዓይን የሚስበው አንጸባራቂው ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ስለቱ ጠርዝ ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ጥቋቁር ነጥቦች ተደርድረዋል። ዝገቱ ብረቱን በልቶ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የሆነ ሰው ላዩን ወልውሎ አብለጭልጮታል እንጂ ጉድጓዱ የትም አልሄደም። እንዲህ ያለ ምላጭ ሲሳል ጉድጓዱ ጠርዙ ላይ ይወጣና ስለቱ ይሸረፋል፤ የተሸረፈ ስለት ደግሞ ቆዳ ይቧጭራል።

የሁለተኛው እጀታ ሴሉሎይድ፣ ማለትም የድሮ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ነው። ዝገቱ የሰፈረው ምላጩ ሲታጠፍ እጀታው ውስጥ በሚያርፍበት ክፍል ላይ ብቻ ነበር፤ ወደ ውጭ የሚቀረው ጅራቱ ንጹሕ ነው። ይህን ስታዩ ተጠንቀቁ። ሴሉሎይድ ሲያረጅ አሲድ ያለበት ጋዝ ያወጣል፤ ብረቱን የሚበላው እሱ ነው። ምላጩን ብታጸዱት እንኳ እጀታው ካልተቀየረ ተመልሶ ይዝጋል፤ አጠገቡ የተቀመጠውንም ያበላሻል።

ሦስተኛው አስቀያሚው ነበር። ከጀርባው እስከ ወገቡ ቀይ ቡናማ ዝገት ለብሷል፤ ጅራቱ ላይ ያለው ማኅተም አይነበብም፤ እጀታው ቀንድ ሆኖ አቧራ ጠጥቷል። ስለቱን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በብርሃን ሳየው አንድም ነጥብ የለውም። በጣት ስነካው ዝገቱ እንደ በርበሬ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ዱቄት ሆኖ የሚነሳ ዝገት ላዩን ያለ ዝገት ነው። ይህንኑ ገዛሁ።

ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ስለቱን በፕላስተር ሸፈንኩት። ምላጭ ደነዘዘ ብላችሁ አትናቁት፤ የዛገ ስለት ከሚቆርጠው በላይ ይቀድዳል። ዝገት በራሱ ቴታነስ አያመጣም፤ የሚያመጣው አፈርና ቆሻሻ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው፤ ቢሆንም የቆሸሸ አሮጌ ብረት ከቆረጣችሁ ክትባታችሁ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አረጋግጡ።

ባሊስቶል ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጀርመን ዘይት ነው፤ ለወታደር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ። ምላጩን በሱ አርሼ አሳደርኩት። በማግስቱ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ሳሸው ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሮ ወረደ፤ ማኅተሙም ብቅ አለ፦ ዞሊንገን። ይህ ስም ከ1938 ጀምሮ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ሳነበው ደስ አለኝ። ዘይቱ ቀንዱንም አልጎዳውም፤ እንዲያውም ወዝ ሰጠው። ጉድለቱ ሽታው ነው። ይከብዳል፤ ቶሎም አይለቅም፤ ባለቤቴ መስኮት አስከፍታኛለች። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ።

የቀረውን ሥራ የሠራው አውቶዞል ነው፤ በቱቦ የሚሸጥ የብረት ማወልወያ ቅባት፣ ደግሞም የሚመረተው እዚያው ዞሊንገን ውስጥ ነው። ምላጩን የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እንጨት አስደግፌ፣ በጥጥ ጨርቅ ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ብቻ ጠረግሁት። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ጨርቁንም ጣትንም ይዞ ይሄዳል። ቡናማው ሙሉ በሙሉ ለቀቀ። ወገቡ ላይ ጥቋቁር ጥላዎች ቀርተዋል፤ ስለቱ ጋ ስላልደረሱ ተውኳቸው። አውቶዞል ጉድጓድ አይሞላም፤ ይህን የሚጠብቅበት ሰው ያዝናል። ሁለት ነገር ልብ በሉ፦ ምላጩ ላይ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ ካለ ይጠርገዋል፤ ነጩ ቅባት ደግሞ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨትና በዘይት ማውጣት ያስፈልጋል። እንደዚያም ሆኖ ለኔ 5 ከ5 ነው።

ግትር ለሆነው ቦታ ባለ 1000 ከዚያም ባለ 2000 ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሼ ተጠቅሜአለሁ፤ ጀርባውን ግን አልነካሁም። ምክንያቱም ይህ ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም እኩል ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፤ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ጀርባውን ስትፍቁ ማዕዘኑን እያበላሻችሁ ነው። ብዙ ሰው ኮምጣጤ ወይም የሎሚ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፉት ይላል። እኔ አልመክርም፤ አሲድ ዝገቱን ከጨረሰ በኋላ ጤነኛውን ብረት ይጀምራል፣ መልኩንም ያጠይመዋል። በድሪል ላይ የሚገጠም ማወልወያ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ስለቱ ከወረቀት የሳሳ ስለሆነ በቅጽበት ይሞቃል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ጥንካሬው ሄዷል፣ አለቀለት።

ከዚህ በኋላ 70 በመቶ አልኮል ነው። ከሰው ፊት የመጣ ዕቃ ሁሉ ይህን ማለፍ አለበት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል፤ ስለዚህ ምላጭ ከወንድም ጋርም ቢሆን አይጋሩም። ማፍላት ግን ቀንዱን ያጣምመዋል።

ሲሳልና የቆዳ ቀበቶ ላይ ሲፋተግ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ጉንጬን ያለ ድምፅ አለፈው። አንገቴ ላይ በፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ ብቻ፣ ቆዳውን ሳልለጥጥ እላጫለሁ፤ ከመቁሰል ያዳነኝ ይህ አንድ ስለት ነው። እብጠቱ በጣም ቀንሷል።

የድሮው ካርቦን ብረት ውሃ አይወድም። ከተላጨሁ በኋላ አጥቤ በፎጣ አደርቀውና ዘርግቼ እተወዋለሁ፤ ሲደርቅ የባሊስቶል ጠብታ በጨርቅ አስነካዋለሁ፤ መታጠፊያውን አልረሳም፣ ዝገት መጀመሪያ የሚመለሰው እዚያ ነው። የሚቀመጠውም መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው እንጂ የሻወር እንፋሎት ባለበት አይደለም።